ባዶ የተባለው ሸለቆ

ቁመቴ ገና ከአያቴ ምርኩዝ ሳይበልጥ፣ የምንኖረው ከጅማ ወጣ ብላ በተራሮች መካከል በምትገኝ ቡርቃ በምትባል ትንሽ መንደር ነበር፤ ስሟ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። ያኔ የመግሪብ ሰላት እንዳለቀ የሰፈሩ ልጆች አያቴ አባ ዲጋ ቤት እንሰበሰባለን። ያረጀ የቡና ግንድ እየተንጣጣ ይነዳል፣ የኩራዙ ጥቀርሻ ጣራውን አጥቁሮታል፣ እሳቸውም እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው የመንደሩን ታሪክ ይጀምራሉ። ሰባት ወንድማማቾች ተራራውን ተሻግረው ሲመጡ ሸለቆው ጭው ያለ ባዶ ነበር፤ ጎሽና ዝንጀሮ ብቻ። ምንጩን ያገኘው ታናሽየው፣ የእኛ ቅድመ አያት ነው። የውሃውን አፈላለቅ በድምፃቸው ሲያሰሙን ይጠማን ነበር።

የሸክላ ሠሪው ልጅ መሪማ ጓደኛዬ ነበረች። የሸክላ ሠሪ ዘር ደጃፍ አያልፍም ስለሚባል ታሪኩን የምታዳምጠው የበሩ መድረክ ላይ ተቀምጣ ነው። አንድ ቀን ከምንጩ በላይ አብረን አፈር ስንጭር የአሮጌ እንስራ ስባሪዎች አገኘን። እሷም ምሽቱን በሻሿ ቋጥራ ይዛቸው መጣች።

«አባባ፣ ሸለቆው ባዶ ነበር ይላሉ። አባቴ ግን የእኛ አያቶች ቀድመው እዚያ ሸክላ ይሠሩ ነበር ይላል። ወላሂ፣ ይኸው ከምንጩ አጠገብ አገኘነው።»

አያቴ ስባሪውን ሳይነኩ ወደ እኔ ዞሩ።

«አብረሻት ነበርሽ?»

«አልነበርኩም» አልኩ።

መሪማ አተኩራ አየችኝ። ከዚያ ስባሪዎቿን ለቃቅማ ሄደች፤ ዳግመኛም አልመጣችም። አያቴ ታሪኩን ካቆሙበት ቀጠሉ።

በዚያው ዓመት መሬት ለኪዎች መጡ። መሬቱ የማን እንደሆነ ሽማግሌ ሲጠየቅ አያቴ ተነስተው ለእኛ የሚነግሩንን ያንኑ ነገሯቸው፤ አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ሸክላ ሠሪዎቹ መጤ ተባሉ። ጭቃ የሚቆፍሩበት መሬትና ከጎጇቸው ኋላ ያለው ቡና በእኛ ስም ተመዘገበ። እነ መሪማ ክረምት ሳይገባ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ጅማ ሄዱ። እኔ የተማርኩት በዚያ ቡና ነው።

አያቴ ሊሞቱ ሲሉ እጄን ይዘው «እኔም ልጅ ሆኜ ያንን ስባሪ አግኝቼ ነበር። አባቴ ገርፎ አስጣለኝ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን እውነቱን አልተናገሩም?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ባለፈው ዓመት መሪማን ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ አገኘኋት፤ የሸክላ ድስት ትሸጣለች። የአያቴን ኑዛዜ እያለቀስኩ ነገርኳት። መሪማ አንዲት ገዢ ያነሳችውን ድስት እንዳልተሰነጠቀ እንድትሰማ በጣቷ አንኳኳችላት፤ ሴትዮዋ ስትሄድ ወደ እኔ ዞረች።

«የእሳቸውን ነገርሽኝ» አለች። «ያንቺስ?»

ዛሬ ልጆቼ ስለ ቡርቃ ሲጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ግን አላውቅበትም መሰለኝ፣ ገና ሳልጨርስ ይሰለቻሉ። እነሱ ሲተኙ ዓይኔን ብጨፍን የአያቴ ድምፅ ይመጣል፤ ሰው ያልረገጠውን ሸለቆ ያሳየኛል። አሁንም ያምራል። ይህንን ለመሪማ መቼም አልነግራትም።