የማጣሪያው ቅዳሜ በማዳበሪያ መጋዘን

«ለምን ትሮጫለሽ?» አለኝ ወታደሩ።

«ሯጭ ነኝ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። ባልፈራ ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። ያን ጠዋት በሱሉልታ አስፋልት ላይ የማይሮጥ ሰው አልነበረም፤ ልዩነቱ እኔ ከንጋት ጀምሮ እየሮጥኩ መሆኔ ብቻ ነው። ቱታዬ በላብ ርሶ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። የእጅ ሰዓቴን አሳየሁት፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይላል። «ይኸው፣ ከተነሳሁ ጀምሮ ሲቆጥር ነበር» አልኩት። ሰዓቱን ከእጄ ፈታና ኪሱ ከተተው። ከዚያ የፒክአፕ መኪናቸውን ኋላ በጣቱ አመለከተኝ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ነበር። መንገዱ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። አሠልጣኛችንን ከአዲስ አበባ ይዞ የሚመጣው ሚኒባስ ከቀረ ሳምንት አልፎታል። እኔ እዚያው ሱሉልታ ቤት ተከራይቼ ስለምኖር ልምምዴን ብቻዬን እሠራ ነበር። ማቋረጥ አልቻልኩም፤ ቅዳሜ ማጣሪያ አለብኝ። ውጭ አገር ለሚደረግ የግማሽ ማራቶን ውድድር ሁለት ሴቶች ይፈለጋሉ፣ ከአሠልጣኜ ልጆች አምስታችን ተጠርተናል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እንጂ በቅርብ አይቼ አላውቅም። የተያዝኩት ማክሰኞ ነው።

ከመያዜ ትንሽ ቀደም ብሎ ያየሁትን እዚህ ላይ ልናገር፣ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። ወደ ቤቴ በምመለስበት መንገድ ላይ አንድ ፋብሪካ አለ። ስደርስ ከግቢው ጩኸት ይሰማል። ውጭ ድንጋይ የያዙ ወጣቶች ተሰብስበዋል፤ ከበሩ ጀርባ ሠራተኞቹ ይጋፋሉ፣ የፊተኞቹ ከብረቱ ጋር ተጣብቀዋል። ሰማያዊ ጋውን የለበሰች ሴት በሩን ከፈተችው። ከፍታም አልሸሸችም። መሃል ላይ ቆማ እጆቿን ዘርግታ «ቀስ! ቀስ በሉ! ሱታ ዴማ!» እያለች፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ሁለት ሁለት እያደረገች አስወጣቻቸው። አንድም ሰው አልወደቀም። ቆሜ ያየሁት ሁለት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ የወታደሮቹ መኪኖች መጡ።

ፖሊስ ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር ሴቶቹን ያስገቡን የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ከረጢቶቹ ተነስተዋል፣ ሽታው ግን እዚያው አለ፤ ጉሮሮ ይከረክራል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከላይ ክንድ የምታህል አንዲት መስኮት። ጠዋት ብርዱ ከሲሚንቶው እየተነሳ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው ይግልና ላብ በላብ እንሆናለን። በር ላይ የጫማዬን ክር አስፈቱኝ። አሥራ ሰባት ነበርን።

ባለ ሰማያዊ ጋውኗ ሴት ቀድማኝ ገብታለች። የፋብሪካው ሱፐርቫይዘር ናት፤ አርባን የተሻገረች፣ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ተወልዳ ያደገችው ሰበታ። ከሺፍቷ ስድስት ልጆች አብረዋት ተይዘዋል፣ «አለቃ» ነው የሚሏት። ገና የገባን ዕለት መጋዘኑን መልክ አስያዘችው። ማን ግድግዳ ጥግ ይተኛል፣ ማን መሃል፣ ማን መቼ መስኮቷ ሥር ቆሞ አየር ይወስዳል፤ ሁሉንም በተራ አደረገችው። ከጫንጮ ቅቤ ይዘው ሲመጡ መንገድ ላይ የተያዙ አንዲት እናት ነበሩ፣ አዴ እንላቸው ነበር። ለእሳቸው መስኮቷን ቀኑን ሙሉ ብትፈቅድላቸው «እኔም እንደ ልጆቹ በተራዬ» ብለው እምቢ አሉ።

ጠዋት ጠዋት እያንዳንዳችን ፊት ቁጢጥ ትልና «እንዴት አደርሽ?» ትላለች። ደህና ብለሽ አትገላገያትም።

«ደህና ማለት እንቅልፍ ወስዶሻል ማለት ነው?»

«ትንሽ።»

«ስንት ጊዜ ነቃሽ?»

እኔን እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጠይቁኝ በውድድር ስንተኛ እንደገባሁ ነበር። ስንት ጊዜ እንደነቃሁ የጠየቀኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ላይ ሥራ የፈታች አለቃ መሰለችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ሳላውቀው መልሴን አዘጋጅቼ የምጠብቃት ሆንኩ።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮው በጋለበት ሰዓት፣ ከልጆቿ አንዷ ትንፋሽ አጠራት። ከወላይታ የመጣች፣ ማሸጊያ ላይ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት። ደረቷን ይዛ «ልሞት ነው፣ ጌታ ሆይ፣ ልሞት ነው» ትላለች። ጣቶቿ ደርቀዋል። ሴቶቹ ከበቧት፤ አንዷ በነጠላ ታራግባለች፣ አንዷ በሩን ትደበድባለች። የሚከፍት የለም።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። በአንድ አገር አቀፍ ውድድር መነሻው መስመር ላይ እኔኑ ይዞኛል። ገፋ ገፋ አድርጌ ፊቷ ተቀመጥኩ።

«እኔን እዪኝ። አትሞቺም። አየር አላነሰሽም፣ ቶሎ ቶሎ እየሳብሽ ስለሆነ ነው።»

«አልችልም።»

«መሳቡን ተዪው። ማስወጣቱን ብቻ አስቢ። ቀስ ብለሽ፣ ሻማ እንዳታጠፊ አድርገሽ። እስከ ስድስት እቆጥራለሁ።»

ቆጠርኩ። መጀመሪያ ሦስት ላይ ተቆረጠባት፣ ቀጥሎ አራት ላይ። ስድስት ስትደርስ እጇን ይዤ አስነሳኋት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። በአራት እርምጃ ስበን በስድስት እያስወጣን ተመላለስን። ትንሽ ቆይቶ ከኋላችን ሌላ ሴት ገባች፣ ከዚያም ሌላ። በሩን ስትደበድብ የነበረችውም ትታ መጣች። ልጅቷ ቀለሟ እስኪመለስ ድረስ አዴ ጭምር በሰልፍ ተራመድን።

ከሰዓት በኋላ የመስኮቱ ተራ የእኔና የአለቃ ሆነ። ሰው አለመስማቱን አየችና ሁለት እጆቿን ከብብቷ ሥር አውጥታ አሳየችኝ። ይንቀጠቀጣሉ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ አልቆመም» አለች። «ልጆቹ እንዳያዩብኝ እደብቀዋለሁ። እናንተ ውድድር ሊጀመር ሲል እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታቆሙት?»

«አናቆመውም፣ እትዬ። የእኔ እግሬ ነው የሚንቀጠቀጠው። ድሮ ላቆመው ስታገል ሳልጀምር ጉልበቴ ያልቅ ነበር። አሁን ይንቀጥቀጥ ብዬ እተወዋለሁ። የመጀመሪያውን መቶ ሜትር ብቻ ነው የማስበው፣ የቀረውን እዚያ ስደርስ።»

እጆቿን መልሳ ብብቷ ሥር ከተተች።

«ልጆቹ ቢያዩኝስ?»

«ቢያዩዎት ምን ይላሉ? እነሱም እየተንቀጠቀጡ ነው።»

«አንቺ በይኝ እስቲ» አለችኝ። «እዚህ ደግሞ ምን እርስዎ አለ።»

ያን ዕለት ሳይመሽ ከወላይታዋ ልጅ ጎን ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ ጣል አደረገችላት። «አየሽ የእኔን? ካንቺ ይብሳል» አለቻት። ልጅቷ እጁን አየች፣ ፊቷን አየች፣ ከዚያ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። ሌሎቹም ሳቁ። ልጆቹ አለቃቸውን ከዚያ በኋላ የናቋት አልመሰለኝም። እንዲያውም ጠጋ ጠጋ አሉ።

ዓርብ ጠዋት ተጠራሁ።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር፣ ይህን አልክድም። ወንበር ሰጠኝ። «አሠልጣኝሽ መጥቶ ነበር» አለኝ። «ነገ ማጣሪያ አለሽ አሉ።»

«አለኝ።»

«እንግዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ አንድ የተተየበ ወረቀት ገፋልኝ። ሱፐርቫይዘሯ የፋብሪካውን በር ከፍታ ሠራተኞቹን መንገድ እንዲዘጉ ስታነሳሳ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ከሥሩ ሙሉ ስሜ አለ። «ፈርሚና ሂጂ። ዛሬውኑ ቤትሽ ታድሪያለሽ።»

እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶውን አነሳሁት። እኔ ባልፈርም ሌላ ሰው ይፈርማል ብዬ አሰብኩ። ዘመዴ አይደለችም ብዬ አሰብኩ። እናቴን አሰብኩ፤ ቅዳሜን ከእኔ በላይ እየቆጠረች ነበር። እግሬ ጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ተውኩት። አሁን የማደርገው አንድ ነገር ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ወረቀቱን ደግሞ ማንበብ። አነበብኩት። ሁለተኛ ሳነበው ነገሩ ቀላል ሆነ።

«ይሄ እኔ ያየሁት አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው ያየሽው?»

«ባዶ ወረቀት ይስጡኝ፣ እጽፈዋለሁ።»

ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። አምስት መስመር ጻፍኩ። በሩን ከፈተች። ቀስ በሉ አለች። ሁለት ሁለት አድርጋ አስወጣች። ማንም አልወደቀም። መንገድ ዝጉ ስትል አልሰማሁም። ስሜን በእጄ ጽፌ ፈረምኩበት።

አነበበው። «ይሄ እንደማያስወጣሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ቀረብሽ ማለት ነው።»

«ቀረብኝ» አልኩት። ድምፄ አልተሰበረም። እኔኑ ገረመኝ።

መጋዘኑ ስመለስ አለቃ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ያየሁትን።»

«ምን አልሻቸው?»

«ያየሁትን።»

አላመሰገነችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጥቂት ቆየች። ስትዞር ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን ያው የሺፍት ድምፅ ነው። «ማጣሪያሽ ስንት ሰዓት ነበር?» አለችኝ።

«ሦስት ሰዓት።»

ሦስት ሰዓት ላይ ነበር በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ወደ ግቢው የሚያወጡን፤ ለመጸዳጃና ለፀሐይ። ቅዳሜ ስንወጣ ጠባቂውን ጠጋ ብላ ስታናግረው አየሁ። «ይቺ ልጅ ዛሬ ውድድር ነበራት። እስክንገባ ድረስ ትሩጥ» አለችው። ጠባቂው እኔን አየኝ፣ በሩን አየ። «አጥሩ አጠገብ እንዳትደርስ» አለ።

ሴቶቹ ሳይነገራቸው ግድግዳውን ይዘው ቆሙና መሃሉን ለቀቁልኝ። የጫማዬ ክር የለም። አዴ ከሻሻቸው ጫፍ ሁለት ቁራጭ ቀድደው ሰጡኝ። «ጀባዱ» አሉኝ፣ በርቺ ማለታቸው ነው። አሰርኩበትና ተነሳሁ።

ግቢው በቁመቱ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። መሬቱ ጠጠር ነው፣ ማዕዘን በደረስኩ ቁጥር ክንዴ ግድግዳውን የያዙትን ሴቶች ይነካል። ለአራት ቀን ሲሚንቶ ላይ የተኛ ጉልበቴ መጀመሪያ ተቃወመኝ፣ ከስድስተኛው ዙር በኋላ ተከፈተልኝ። አለቃ ዙሩን ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ልጆቿ «አይዞሽ! ግፊ!» ይላሉ። በዚያ ሰዓት ጓደኞቼ መስመር ላይ ቆመው እንደሆነ አውቃለሁ። አለቀስኩ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ይሆናል፤ አላለቀስኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ ዘጠነኛው ዙር ላይ ከኋላዬ የፕላስቲክ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፤ የወላይታዋ ልጅ ናት። አፏን ሹል አድርጋ እየተነፈሰች ሦስት ዙር ተከተለችኝ። ሩብ ሰዓቱ ማለፉን ጠባቂው ሳያውቅ አልቀረም። ዝም አለን።

እኔን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለቀቁኝ። ሰዓቴን አልመለሱልኝም። አለቃ ሦስት ወር ቆየች፤ አንድም ቀን ፍርድ ቤት ሳትቀርብ አንድ ጠዋት ሂጂ አሏት። ፋብሪካው በቦታዋ ሌላ ሰው ተክቷል። ከእኔ ጋር ከተጠሩት ሁለቱ ሄዱ፣ አንዷ ሦስተኛ ወጣች። ስሰማ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ሁለቱም እውነት ነው።

ታስራ ነበር ተብሎ በዚያ ዓመት ሌላ ውድድር ላይ የጠራኝ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ ሮጥኩ። ስሜ የታወቀ ሯጭ አልሆንኩም፣ ጥሩ ሯጭ ግን ነበርኩ። አሁን ሱሉልታ ላይ ሴቶች አሠለጥናለሁ። አለቃ ሰበታ ውስጥ በሌላ ፋብሪካ እንደገና ሺፍት ትመራለች፤ በዓመት አንድ ሁለቴ እየጠራች ለቡድን መሪዎቿ ስለ ጭንቀትና ስለ እረፍት እንዳወራ ታደርገኛለች። ስታስተዋውቀኝ ማዕረግ አትፈልግም። «ይቺ አብራኝ የታሰረች ናት» ትላቸዋለች፣ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

በቅርቡ ለአሠልጣኝነት ፈቃድ ፎርም ስሞላ በየዓመቱ የሮጥኩበትን ምርጥ ሰዓት ጠየቁኝ። የሚመዘግበው ወጣት አንዱ ረድፍ ላይ እስክሪብቶውን አቆመ።

«ይሄ ዓመት ባዶ ነው። ጉዳት ነበረብሽ?»

«ታስሬ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ልለፈው?»

«አይ፣ ልክ እንደነገርኩህ ጻፈው» አልኩት።

ጻፈው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ዓመት አለፍን።