በአቡጀዲ የተጠቀለለው እብነ በረድ

ባለፈው ሳምንት ድምፁ የጠፋ ሬዲዮኔን በዘንቢል ይዤ አየር ጤና አንዲት የጥገና ሱቅ ደጃፍ ስደርስ፣ ውስጥ ያለው ልጅ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሽቦ ሲበይድ፣ ከእጁ ሥር ቀጭን ጭስ ተነሥታ እየተጠማዘዘች መጥታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባች፣ እኔም ሳላስበው የቀኝ እግሬን ከጫማዬ አወጣሁ። ስልሳን የዘለልኩ ሴትዮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛ እያየኝ፣ አንድ እግሬ በካልሲ አንድ እግሬ በጫማ ሆኜ ደፉ ላይ ቆምኩ።

ሽታው የሙጫ ነው። ብረትን ከብረት የሚያጣብቀው ስታኞ ያለ ሙጫ አይዝም፣ ሙጫው ደግሞ ሲቃጠል ለማያውቀው ሰው ቁርጥ እጣን ነው። በእኔ ልጅነት ኮልፌ እኛ ሰፈር ይህን የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሰው እጣን መሰለው። እጣን ብቻ መስሎት ቢቀርማ ምን ገዶኝ!

አባቴን ሰፈሩ ጋሽ ታደሰ ይለው ነበር። ቀን ቀን መሐል ከተማ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነበር፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጢሙን አስተካክሎ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለእርቅ የሚጠራ፣ ቀልድ ሲሰማ ፊቱን ወደ ሌላ የሚያዞር ኮስታራ ሰው ነበር። እናቴ ደግሞ ሁሉን ትጠረጥር ነበር፤ የባለ ሱቁን ሚዛን፣ የወተት ሻጯን ጣሳ፣ የዘመድ ሰላምታ ሳይቀር። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ሳትል ገንፎ አቅርባልን አታውቅም። እኔ በእሷ ወጣሁ።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ሐምሌ ውስጥ፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ አባቴ አንድ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ አራት ማዕዘን ነገር ራሱ ላይ አድርጎ፣ ግራና ቀኝ በሁለት እጁ ደግፎ፣ አንገቱን ሳያጎብጥ፣ እርምጃውን እየለካ ከአውቶቡስ ፌርማታው መጣ። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ቆሞ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ የሚጠይቅ ሰው፣ ያን ቀን አጥር የምንጋራቸውን እትዬ አስካለን እንኳ ሰላም ሳይል አለፈ። እትዬ አስካለ ከታዛቸው ሥር ተነሥተው ቆሙና በዓይናቸው ሸኙት፣ ነጠላቸውንም አስተካከሉ።

እንደ ገባ በቀጥታ ወደ ኋለኛዋ ክፍል አልፎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያም ከጠረጴዛው እግሮች ሥር ስንጥር እየሸጎጠ፣ በላዩ ላይ ውኃ ጠብ እያደረገ፣ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ጎንበስ ብሎ ያይ ጀመር። ይህን ያየሁት በሩን እስኪዘጋ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ሕግ ወጣ። ያቺ ክፍል ማንም አይገባባትም፣ እሱ ራሱ ጫማውን ደፉ ላይ ሳያወልቅ አይገባም፣ በአጠገቧ አቧራ እንዳይነሣ ውኃ ሳይረጭ አይጠረግም፣ ሥራው ሲያልቅም ነገሩ ተመልሶ በአቡጀዲው ይጠቀለላል። እናቴ ምንድነው ብላ ስትጠይቀው «የጋራዥ ዕቃ ነው» ይላትና ይነሣል። የጋራዥ ዕቃ በዘይት በተነከረ ጨርቅ እንጂ በአዲስ አቡጀዲ ሲጠቀለል አይታ እንደማታውቅ ለእኔ እየደጋገመች ትነግረኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ አባርቶ መስኮት መክፈት ሲጀመር፣ ሽታው ወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከሰል አቀጣጥሎ በማንደጃ ይዞ ይገባል፣ ጥቂት ቆይቶ ያ እጣን የሚመስል ጭስ በበሩ ሥር ሾልኮ፣ በጭራሮው አጥር አልፎ እትዬ አስካለ ጓሮ ይደርሳል። እናቴ ግን ሽታውን ያገኘችው ኮቱ ላይ ነበር፣ ስለዚህም የጠረጠረችው ሌላ ነገር ነው፤ እጣን የምታጨስ ውሽማ ይዞ እዚያች ክፍል ያስገባታል ብላ ቆረጠች። «አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው፣ ሂጂና በቀዳዳው እዪልኝ» ብላ ላከችኝ።

በኋላ በኩል የጭቃው ምርጊት የተሰነጠቀበት ቦታ ነበር፣ እዚያ ላይ ዓይኔን ለጥፌ አየሁ። አባቴ ባዶ እግሩን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ፊት ለፊቱ ነጭ እብነ በረድ ተጋድሟል፣ መሐሉን ለመሐል አንድ ረጅም መስመር ተቀርጾበታል፣ እሱን የሚያቋርጡ ሁለት አግድም መስመሮች አሉ፣ ዙሪያውን ደግሞ ትንንሽ ችንካሮች ቆመዋል። በችንካሮቹ መካከል የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን እጁ ከለለኝ። ጭሱ ሲበርድለት ነገሩን በጣቱ ጫፍ አራቱንም ማዕዘን በየተራ ጫን ጫን አደረገው፣ ጆሮውንም አስጠጋ። ቀጭ አለ። ራሱን ነቀነቀና እንደ ገና ጀመረ።

ለእናቴ ሴት የለም፣ ድንጋይ ነው ያለው አልኳት። ድንጋይ ባል አይነጥቅም፤ እፎይ ብላ ወደ ሽሮዋ ተመለሰች። እኔ ግን እፎይ አላልኩም፣ ያ መስመር ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ጥር መጣ። በከተራ ዕለት ሐር ቀሚሴን ለብሼ ከእናቴ ጋር ታቦት ልንሸኝ ወጣን፣ ሕዝቡ ድንገት ጸጥ ሲል ቀና ብዬ አየሁ። ቄሱ በጨርቅ የተሸፈነውን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ አንገታቸውን ሳያጎብጡ፣ እርምጃቸውን እየለኩ፣ ማንንም ሰላም ሳይሉ መጡ። አቡጀዲው፣ ጭሱ፣ የሚረጨው ውኃ፣ የሚወልቀው ጫማ፣ መስቀሉ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገጠመብኝ። ማታ እትዬ አስካለን ታቦት ምን ይመስላል ብዬ ስጠይቃቸው፣ እንዲህ ያለ አይጠየቅም፣ ድንጋይም እንጨትም ይሆናል፣ መስቀል አለበት፣ ሳይካን የነካው ግን ይቀሰፋል አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ባስነጠሰ ቁጥር የሚሞት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አባቴ ከኋለኛዋ ክፍል ብቅ አለ። ፊቱ ላይ አይቼው የማላውቅ ዓይነት ፈገግታ ነበር፣ የሚያፍር ልጅ ይመስል ነበር።

«አልማዜ፣ ነይ ጫማሽን አውልቂና ግቢ፤ የማሳይሽ አለ።»

ደፉ ላይ ደርሼ አንዱን ጫማ አወለቅሁ። አቡጀዲው በከፊል ተገልጧል፣ ነጩ ድንጋይ ይታያል። ልነካው ነው፣ ልቀሰፍ ነው አልኩና፣ አንድ እግሬን ባዶውን በረርኩ። እትዬ አስካለ ጓዳ እስክገባ አልቆምኩም፣ እዚያም እያለቀስኩ ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት፣ መስመሩን፣ ችንካሩን፣ አንድም ሳላስቀር። እሳቸውም ሦስቴ አማተቡና ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። እስከ ማክሰኞ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

የካቲት እንግዲህ የመከራችን ወር ሆነ። ሰው በደጃችን ሲያልፍ ግማሹ መንገድ ተሻግሮ በዚያ ማዶ ይሄዳል፣ ግማሹ ቆሞ ያማትባል፣ አንዲት ባልቴት እንዲያውም አጥራችንን ሲስሙ አየኋቸው። ታቦቱ ከየትኛው ገዳም እንደ ተሰረቀ እንኳ ወሬው ቆርጦ አያውቅም፣ ብቻ ተሰርቋል ይል ነበር። አባቴ ነገሩ ሲለወጥበት አየ፣ እሱ ግን የጠረጠረው ሌላ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያለ ሰው ምሥጢሬን አውጥቶብኛል ብሎ ይብሰለሰል ነበር። ምሥጢሩ ምን እንደሆነ ያኔ አናውቅም።

በዚያው ወር የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። እናቴ ጠላውን ጠምቃ፣ ድፎ ዳቦውን ጋግራ ከጨረሰች በኋላ ነው ማኅበርተኞቹ የላኩት መልእክት የደረሰን። የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይሉ ገብተው ያለውን ሳያዩ፣ ከዚያ ቤት እህል ውኃ አንቀምስም የሚል ነበር። ጽዋው ከቤታችን ተመልሶ ከሄደ በሰፈሩ መኖራችን አከተመ፤ ለቅሶ ቢደርስብን እንኳ ቀባሪ አናገኝም ብላ እናቴ የጠላውን ጋን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም ጥግ ይዤ አለቀስኩ፣ ያለቀስኩበትን ግን የምናውቀው እኔና እትዬ አስካለ ብቻ ነበርን።

የማኅበሩ ቀን ረፋዱ ላይ ሰዎቹ መጡ፣ ግን አንዱም አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሙ። መምሬ ኃይሉ ብቻቸውን መቋሚያቸውን ይዘው ግቢው መሐል ደረሱ፣ በለሰለሰ ድምፅም፣

«ታደሰ ልጄ፣ በቤትህ አለ የሚባለውን አምጣና አሳየኝ» አሉት።

አባቴ የጋራዥ ዕቃ እንጂ ምንም እንደሌለው ተናገረ። እሳቸውም የሰሙትን ዘረዘሩ፤ ነጭ ድንጋይ፣ በአቡጀዲ የተጠቀለለ፣ ዙሪያውን ችንካር ያለበት፣ መሐሉ ላይ አንድ መስመር፣ አግድም ሁለት። አባቴ «አግድም ሁለት» የሚለውን ሲሰማ አንገቱን ቀስ አድርጎ አዞረና እኔን አየኝ። መስመሮቹን ከእሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም፣ ከአንድ ከሸሸች ልጅ በስተቀር። አላፈጠጠብኝም፣ አልተቆጣም። አየኝ ብቻ፣ ከዚያም ጫማውን አውልቆ ገባ።

ከባድ ስለነበር እንደዚያን ቀን ራሱ ላይ አድርጎ ወጣ፣ ውጭ የቆሙትም ሲያዩት አንዳንዶቹ መሬት ወደቁ። መደቡ ላይ አስቀምጦ አቡጀዲውን ገለጠ። ሐውልት ጠራቢ ቤት ማዕዘኑ ተሸርፎ የተጣለ እብነ በረድ መሆኑን ተናገረ፣ ከኮቱ ኪስም የእጅ መዳፍ የምታህል፣ ከነሐስ ዘንግ የተሠራች የመኪና አጽም አውጥቶ በላዩ አኖራት። ጣሊያኑና ጓደኞቹ እሑድ እሑድ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ መኪናዎችን በኤሌክትሪክ ያሽቀዳድማሉ፣ መኪናዎቹ በጠባብ ቦይ ተመርተው ነው የሚሮጡት፣ ሻንሲ የሚባለው አጽሟ የክር ያህል እንኳ ከተጣመመ መኪናዋ ኩርባው ላይ ከቦይዋ ትወጣና ትወድቃለች። ስለዚህ ልሙጥ ድንጋይ ያስፈልጋል፣ ረጅሙ መስመር መሐሉን፣ ሁለቱ የፊትና የኋላ ጎማውን ቦታ ያሳያሉ፣ ችንካሮቹም ዘንጎቹ እስኪበየዱ ድረስ እንዳይነቃነቁ ይይዟቸዋል። ይህን ሁሉ ሲናገር ላብ ጠምቆት ነበር። መጨረሻ ላይ አራቱን ማዕዘን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ድምፅ አልነበረም።

«ሲስተካከል ዝም ይላል» አለ። «የሚናገረው የተጣመመው ነው።»

መምሬ ኃይሉ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፣ እሳቸውም በጣታቸው ሞከሩት፣ ደገሙት። ይህ ነገር ሰው ይጫንበት እንደሆነ ጠየቁ።

«የለም አባቴ፣ መጫወቻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አስካለ ናቸው፣ ከዚያ አጥሩ ሁሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፣ ሰው ከፍርሃት ሲወጣ የሚስቀው ሳቅ ነው። እናቴ ሳትቀር እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ሰዎቹም እየሳቁ ገቡ፣ ጠላው ተጠጣ፣ ጽዋው በደህና ወጣ። ያልሳቀው አባቴ ነበር። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሲያስተናግድ ዋለ።

ፋሲካ ሳይደርስ ያ ሽታ ከቤታችን ጠፋ። ልጆች ጋሽ ታደሰን ሲያዩ በአፋቸው ጥሩምባ ይነፉ ነበር፣ ተጣልተው የሚያስታርቃቸው ባልና ሚስት እንኳ እሱ አሻንጉሊት ይሥራ ብለው ሌላ ሽማግሌ ጠሩ። ታቦት ሰረቀ ሲባል የተከበረ ሰው፣ መጫወቻ ሠራ ሲባል ወደቀ። እብነ በረዱን በአቡጀዲው ጠቅልሎ ከበሩ ኋላ አቆመው። እኔን አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አልወቀሰኝም፤ ዳግመኛም አልጠራኝም። ስንት ጊዜ ጫማዬን አውልቄ ያቺ ደፍ ላይ እንደ ቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናቴ ካረጀች በኋላ አንድ ቀን ነገረችኝ። ያን እሑድ ሥራውን ለእኛ ሊገልጥ ቆርጦ ነበር አሉ፣ ትልልቆቹ እንዳይስቁበት ስለ ፈራ ግን ከእኔ ለመጀመር አሰበ። «ልጅ አትስቅብኝም ብሎ ነው ካንቺ የጀመረው» አለችኝ።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው፣ እብነ በረዱ አሁን እኔ ቤት ነው፣ አቡጀዲውንም ሁለት ጊዜ ቀይሬለታለሁ። ያኔ አጥራችን ጭራሮ ነበርና ሽታውም ወሬውም ያልፍ ነበር፤ ዛሬ ብሎኬት ነው፣ ጎረቤቴ ምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ እሱም እኔን ለመጠርጠር ጊዜ የለው። የአየር ጤናው ልጅ ደግሞ በሩን በርግዶ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየው ይበይዳል፣ የሚያማትብም የሚስቅም የለም። ቀና ብሎ አየኝ።

«ማዘር፣ ጫማዎን ምነው? ችግር የለም፣ ከነጫማዎ ይግቡ፤ እዚህ ቁጭ ብለው ይዩት።»

ሁለተኛውንም አወለቅሁና ገባሁ።