አክሱምን የመረጥኩላቸው ዕለት

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ጎንደር ውስጥ ጣሊያን በሠራው አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ነው። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ግን በአክሱም መንገድ ላይ ያለውን የሊማሊሞን ገደል ስም ስሰማ ወሬ እለውጣለሁ።

አርብ ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና በራችን ላይ ቆመች። ሱፍ የለበሰ ወፍራም ሰው፣ ሚስቱና የሚስቱ እናት ወረዱ። እናትየው ቆብ የደፉ መነኩሲት ነበሩ። ሰውየው መዝገብ ላይ እንድጽፈው ስሙን ሲነግረኝ ማን እንደሆነ አወቅኩ።

አይከል ከተማ ስምንተኛ ክፍል ስማር የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር የነበረው ሰው ነው። የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ጠፋ። እሱም «ይዞ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሎ፣ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ እያየ፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ሃያ አምስት አስገርፎ አባረረኝ። እኔ ሬዲዮውን አልነካሁትም። አባቴ ግን የጭልጋ ገበሬ ነው፤ የተማረ ሰው ይዋሻል ብሎ አያስብም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። በሦስተኛው ዓመት ልጄ ሌባ ነው ብሎ እንዳመነ ሞተ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ባገኘው ምን እንደማደርገው ሳስብ ኖሬያለሁ። አገኘሁትና የክፍሉን ቁልፍ ሰጠሁት። አላወቀኝም።

አመሻሹ ላይ ሻይ እየጠጡ ጠራኝ። «ያለን ሦስት ቀን ነው። እኔ በነገው አውሮፕላን ላሊበላ እንሂድ እላለሁ፤ እማሆይ ደግሞ አክሱም ካልሆነ ይላሉ። አንተ የአገሩ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረድ።»

እኔ የማውቀው ነገር ነበር። አያ ካሳ የሚባሉ የጭነት መኪና ሾፌር ያን ዕለት ጠዋት ከሊማሊሞ ተመልሰው መጥተዋል። አንዱ ጥምዝ ላይ ዝናቡ መንገዱን ከሥሩ ቦርቡሮት፣ ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። «ያላወቀ ሰው በጉም ከገባበት ያለቀለት ነው» ብለውኝ ነበር።

«አክሱም ይሻላል ጌታዬ» አልኩ። «መንገዱም ሸጋ ነው።»

እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «ሳልሞት ጽዮንን ላያት ነው። የልብህን ታድርስልህ ልጄ።»

በማግስቱ ጠዋት ዕቃቸውን ራሴ ጫንኩላቸው። እማሆይን ደግፌ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ እንዳይበርዳቸው ጋቢ እግራቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው። መኪናዋ ስትሄድ ቆሜ አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አያ ካሳ ሻይ ሊጠጡ ገቡ። «ያች ትንሽ ማኪና ወዴት ሄደች?»

«አክሱም።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ምነው ሳትነግራቸው?»

ጠረጴዛውን መወልወል ጀመርኩ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «መነኩሲቷም አሉበት?»

«አሉበት።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ወጥተው የጭነት መኪናቸውን አስነሡ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ከከተማው መውጫ ያለችውን ወለቃን እስክናልፍ ድረስ እንኳ እንድንደርስባቸው ይሁን እንዳንደርስባቸው የምመኘው ለራሴም አልታወቀኝም።

እማሆይን መንገዱ አጥወልውሏቸው ኖሮ ኮሶዬ ላይ ቁርስ ብለው ቆመዋል። ከመንገዱ ዳር ካለች ምግብ ቤት ስንገባ ዲሬክተሩ እንቁላል እየበላ ነበር። ሲያየኝ ፈገግ አለ። «ምን ረስተን ነው?»

«ሊማሊሞ ላይ መንገዱ ተበላሽቷል። ተመለሱ።»

«መቼ ሰማህ?»

«ትናንት ጠዋት።»

እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። «ታዲያ መንገዱ ሸጋ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ። ገደል እንድትገባ ፈልጌ ነው።» አንተ ማለቴን ያወቅኩት ካልኩ በኋላ ነው። «ሬዲዮ ሰረቀ ብለህ ያስገረፍከኝ የአይከሉ ተማሪ ነኝ።»

«ያለፈ ነገር ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እማሆይ ግን ቀና አሉ። «የምን ሬዲዮ ነው?»

«የትምህርት ቤቱ ነው እማሆይ። ቡናማ ነው፤ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል።»

አማቻቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ልጄን ስታጭ ያመጣህልኝ ነው? ቀዩ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅህ የፋብሪካ ምልክት ነው ያልከኝ?»

ሳህኑን ገፋ አድርጎ አንገቱን ደፋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሌባው ራሱ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠፍቶበት በእኔ ያላከከው ይመስለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቢላዋ ነበር፤ አያ ካሳ ክንዴን ያዙኝ።

«የተገረፍኩት ሰው ፊት ነው» አልኩት። «አይከል ሄደህ ሰው ፊት ትናገራለህ።»

«እኔ አሁን ያለሁበትን ሥልጣን ታውቃለህ?»

«ይሄዳል» አሉ እማሆይ። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

ልጃቸው እያለቀሰች «አክሱምስ?» አለቻቸው።

«በሰው ልጅ ጀርባ የመጣ ሬዲዮ ዘጠኝ ዓመት ቤቴ አስቀምጬ፣ ጽዮን ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አይከል ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰው ሳይበተን ቆመ። እናቴ ነበረች፤ አጎቴ ነበረ፤ ስገረፍ ያዩኝ ልጆች አድገው ሚስትና ባል ይዘው ቆመዋል። ዲሬክተሩ ሲጀምር ድምፁ አልወጣ አለ። እማሆይ «አይሰማም» አሉት።

«ሬዲዮውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ አልሰረቀም» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አጎቴ መሬት ላይ ተፋ። እኔ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ሲጨርስ «ድገመው፤ አባቴ ያለው በዚያ በኩል ነው» አልኩት። ወደ መቃብሩ ዞሮ ደገመው።

ከዚያ እግሬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ወደ ኋላ ሸሸሁ። ቄሱ «በል ይቅር በለው» አሉኝ። አላልኩም። ዛሬም አላልኩም። ስታረጅ ልብህ ይለሰልሳል ይሉኝ ነበር፤ በእሱ ላይ አልለሰለሰም። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ ያየሁበትን ያን ቀን ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል።

እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው። ወደ አይከል ስንሄድ ከኋላ ወንበር ከእማሆይ ጎን ተቀምጬ ነበር። «ወደ ገደሉ ስትልከን እኔም መኪናው ውስጥ እንዳለሁ እያወቅህ ነው?» ብለው ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቁኝ።

«እያወቅኩ ነው እማሆይ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ እስክንለያይ ድረስ አላናገሩኝም፤ እኔም ማሩኝ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ይህን ለእናቴም ለሚስቴም አልነገርኩም። እሱን አገር እያየው አናዘዝኩት፤ እኔን ግን ሰው ፊት ያቆመኝ የለም።