አፍንጫው ላይ ክላክስ ሲሰማ

አጎቴን ሰፈሩ ጋሼ ክላክስ ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ ነድቶ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር አቃተው። ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ዘመን መሪ ጨብጦ ቁጭ ያለ ሰው፣ አሁን ወንበር እሾህ ሆነበት። ምክንያቱ አንድ ነው፦ አውቶብሱን የምትነዳው ሴት ልጁ ናት፤ የምትነዳውም በዚያው በእሱ መንገድ ነው።

መንገዱ ድሮ የአህያ መሄጃ ነበር፤ የአያቶቻችን ዘመን ሰዎች ናቸው በዶማና በድማሚት ያሰፉት። ከገበያው ከተማ ተነስቶ ወንዙን ይከተላል፣ የጥዱን ጫካ ሰንጥቆ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ግን አፍንጫው የምንለው ቋጥኝ ይጋረጥበታል። ቋጥኙን ድማሚት አልበገረውም። ስለዚህ መንገዱ ዙሪያውን ታክኮ ዞረ፤ ከወዲያ የሚመጣውን የማያሳይ፣ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ኩርባ ሆነ። ከዚያ ቁልቁል የእኛ ሰፈር ነው። ሾፌሮች ደንብ አላቸው፦ ኩርባው ጋ ስትደርስ ክላክስ ታደርጋለህ። ከወዲያ ከተመለሰልህ ትቆማለህ፤ ዝም ከተባለ መንገዱ ነፃ ነው፣ ትገባለህ።

አንድ ቀን እነሱ ቤት ሳለሁ ሲዘንብ ዋለ። አጎቴ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል። ሚስቱ ድንች ትልጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ራሴን አዞርከው እኮ! ቁጭ በል!»

«ሰዓቷ አልፏል።»

«ዝናብ ነው፣ ቀስ ብላ እየመጣች ነው።»

«ሄጄ መንገዱን ልየው» ብሎ ካፖርቱን ደረበ። ብቻውን ልለቀው አልቻልኩም፣ እያጉረመረምኩ ተከተልኩት።

አፍንጫው ጋ ደረስን። የመንገዱ ግማሽ ተንዶ ገደል ገብቷል። ገና አፋችንን ሳንዘጋ ከወዲያ በኩል ረጅም ክላክስ ጮኸ።

«እሷ ናት!» አለ አጎቴ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ዝም ካልን ትገባለች!»

በየት ክላክስ እናምጣ? ጮህን፤ ዝናቡ ድምፃችንን ዋጠው። «ጋሼ፣ ተው!» ብል ማን ሰምቶኝ! ቋጥኙን በደረቱ ታክኮ በተረፈችው ጠርዝ ላይ ሮጠ። እኔም ከኋላው።

ኩርባው መሃል ላይ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። በእግሯ ነበረች፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በስብሳለች።

«አባዬ! አብደሃል እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አውቶብሱስ?»

«ከነተሳፋሪው ቆሟል። ዝም ሲባል መጀመሪያ በእግሬ ወርጄ ነው የማየው። ሁልጊዜ። እማዬ አስምላኛለች።»

አጎቴ ክንዷን ይዞ ብቻ ቆመ።

ተሳፋሪውን መልሳ እታች ጫካው አጠገብ ካለው መንደር አሳደረችና፣ በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ በእግሯ ቤት ገባች። አጎቴ ሚስቱ ላይ ተነሳባት።

«ለእሷ የነገርሻትን ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ስንቴ ነገርኩህ! ‹አንቺ ደግሞ፣ ፈሪ› እያልክ ስቀህብኝ ትወጣ ነበር።»

አጎቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀና ሳይል፣

«ስትጠብቂኝ እንዲህ ነበር የሚያደርግሽ?» አላት።

«እንዲህ ነበር።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ» አለችና ድንቿን መላጥ ቀጠለች።