ያልለካሁት ክምችት

ጎንደር አጠገብ ፀዳ በምትባል ሰፈር፣ ከቤቴ ጎን ቤት የሚሠሩ ሰዎች ጭቃ በጭድ ሲያቦኩ ሽታው በመስኮት ይገባል። ሌላው ሰው መስኮቱን የሚዘጋው ለአቧራው ነው፤ እኔ የምዘጋው ለሽታው ነው። የራሰ አፈር በሸተተኝ ቁጥር ያቺ የወለቃ መንደር ሸክላ ሠሪ ትታወሰኛለች፤ ያኔ ብቻዬንም ብሆን አፍራለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለት ዓመት ጂኦሎጂ እንደተማርኩ ለክረምት ወደ ጎንደር ተመለስኩ። ሁለት ዓመት የተማረ ሰው የማያውቀው ነገር የለም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ድንጋይ ታነባለች» እያለች ታወራልኛለች። ድስትና እንስራ የምትገዛው ከአንዲት የወለቃ ሸክላ ሠሪ ነበርና፣ አፈር የምትቆፍርበትን ቦታ እንድታሳየኝ ለመንኳት። ሴትዮዋ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ወዳለ ጉድጓድ ይዛኝ ሄደች። ከጠርዙ ቆርሳ፣ በውኃ አርሳ፣ አድቦልቡላ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

«እንኪ ያዢው፣ ሸጋ አፈር ነው፤ አይሰነጠቅም» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ስለ አካባቢው የተፈጥሮ ሀብት ጽሑፍ እንዳቀርብ የቀበሌያችን ካድሬ ጠየቀኝ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረን መምህር በአንድ ቃል አይደራደርም ነበር፤ ቃሉም ክምችት ነው። «ጥልቀቱን ቆፍራችሁ፣ ስፋቱን ለክታችሁ፣ መጠኑን ካላወቃችሁ ክምችት ብላችሁ እንዳትጽፉ! አፈር ታይቷል በሉ፣ በቃ» ይለን ነበር። እኔ ግን «አፈር ታይቷል» ማለት አነሰብኝ። አፈር ያላየ ማን አለ? ሜትር እንኳ ሳልይዝ ስለ ሴትዮዋ ጉድጓድ «ከፍተኛ የሸክላ አፈር ክምችት» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ በቀይ አሰመርኩበት። ካድሬው ጮክ ብሎ አነበበው፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

በዓመቱ ስመለስ ቦታው በሽቦ ታጥሯል። የጡብ ፋብሪካ ሊተከል ነው ተብሎ ዶዘር ገብቶ ነበር። የላዩን ሲገፍፈው አፈሩ ከጉልበት አላለፈም፤ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ዶዘሩ ሄደ፤ አጥሩና ዘበኛው ግን ቀሩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ የብዕር ወለምታ ሽቦና ዘበኛ ይዞ መጣ።

አንድ ጠዋት ሸክላ ሠሪዋ ቤታችን መጣች። የምትሸጠው ነገር አልያዘችም። እጇ ንጹሕ ነበር፤ ጥፍሯ ሥር አፈር ሳላይ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ምነው አፈሬን ከለከሉኝ? ምን አጠፋሁ? ልጆቼን በምን ላሳድር?» አለች። «አንቺ ሸጋ አርገሽ ትጽፊያለሽ አሉኝ። እባክሽ፣ ማመልከቻ ጻፊልኝ።»

እናቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ሁለቱም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ያስወሰድኩብሽ እኔ ነኝ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ በኩራት ስታየኝ መልሼ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ፈሪ መሆኔን ያን ቀን አወቅኩ። አጎንብሼ ጻፍኩ። ያን ዕለት ግን አንድም የተጋነነ ቃል አልጨመርኩም።

ስጨርስ አነበብኩላት። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ የጻፍኩበትን እጄን ሳበችና «እጅሽ ይባረክ» ብላ ሳመችው።