ሽምብራ የሚቆረጥም ጥርስ

እናቴ ሾላ ገበያ ጥራጥሬ ትሸጥ ነበር። ወላጆቿ ከደቡብ ይዘዋት ሲመጡ ልጅ ስለነበረች ገበያው ውስጥ ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። እህል በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ነጋዴው ሁሉ ጆንያውን ከብቦ ይጨቃጨቃል፤ ደርቋል፣ አልደረቀም፣ ኪሎ እንዲያነሳ ውሃ ረጭታችሁበታል፣ አልረጨንም። በመጨረሻ አንዱ «ኧረ እትዬን ጥሯቸው!» ይላል። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትመጣለች፤ ከጆንያው መሃል አንዲት ፍሬ ታወጣና በቀኝ በኩል ከክራንቻዋ ቀጥሎ ባለው ጥርስ ቀጭ ታደርጋለች። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ታዳምጣለች። «ደርቋል» ካለች ደርቋል። «ይሄ ገና ነው፣ ይሻግታል» ካለች ሾፌሩ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አልነበረም።

የተሰበረው ያ ጥርስ ነው። የሽምብራ መልክ የያዘ ጠጠር ነከሰችና የጥርሷ ግማሽ መዳፏ ላይ ቀረ። ይህ ሲሆን እኔ ላገባ ሁለት ወር ቀርቶኛል።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሕመሟ አልነበረም፤ ስለ ቪዲዮው ነው። በዚያን ጊዜ ያለ ቪዲዮ የተሠረገ እንደተሠረገ አይቆጠርም፤ ካሜራ ያዡ ያንን መብራቱን የሰው አፍ ውስጥ ሊከተው ምንም አይቀረው። እናቴ ደግሞ ጥርሷ ከተሰበረ ወዲህ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ መሸፈን ጀምራለች። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት በሳቋ ነው እኮ! ጸሎት ቤት ውስጥ እንኳ ሰባኪው ቀልድ ጣል ካደረገ የእሷን ሳቅ ሳይሰማ አይቀጥልም ነበር። በሠርጌ ቀን አፏን ሸፍና ልትቀመጥ? ሞቼ ነው!

ላምበረት አካባቢ ፎቅ ላይ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጥርሱ መነቀል እንደሌለበት፣ ዙሪያውን ሞርዶ ሽፋን ሊያለብሰው እንደሚችል ነገረን።

«ምርጫው ሁለት ነው እናቴ» አላት። «አንዱ ብረት ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን ሲስቁ ይታያል። ሌላው ሴራሚክ ነው። ከራስዎ ጥርስ አይለይም፤ ግን ጠጣር ነገር ከቆረጠሙበት ሊሰነጠቅ ይችላል።»

«ሴራሚክ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

«ሸክላ በይው።»

«ውይ! አፌ ውስጥ ድስት ሊጥዱብኝ ነው?»

ዶክተሩ ሳቀ። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«እሺ፣ የትኛው ይሁንልዎት?» አላት።

እኛ ቤት፣ ቀበሌም ይሁን ሐኪም ቤት፣ ጠረጴዛ ያለበት ቦታ ሁሉ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የተጀመረ ነገር ነው። ያቺ ገበያ ላይ ሾፌር የምታስለቅስ ሴት ነጭ ጋውን ወይም ማኅተም ስታይ ምላሷ ይተሳሰራል፤ ዞር ብላ ታየኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ጎረቤቶቻችንም ከዚህ የተለዩ አልነበሩም፤ ትንሽ ፊደል የቆጠረ ልጅ ለእናት አባቱ ይናገራል፣ እነሱም አጠገቡ ቆመው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ያን ቀንም አየችኝ። በጣቶቿ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ትፈታታለች። «ዶክተር፣ እኔ እንኳ...» ብላ ጀመረች።

«ተይው እስቲ ነጠላውን፣ እማዬ!» አልኩና እጇን መለስኩት። እኔ መቼም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ሴራሚክ ይሁን፣ ዶክተር። ጠጣር ነገር አትቆረጥምም።»

አትቆረጥምም! ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ዶክተሩ እንደገና እሷን አያት። «እሷ ታውቃለች» አለችው እናቴ።

ሠርጉ አማረ። የእናቴም ሳቅ አማረ። ቪዲዮው ላይ ኬኩ ሲቆረስ የሁሉንም ድምፅ ውጦ የሚሰማው የእሷ ሳቅ ነው፤ ጥርሷ ሁሉ ነጭ፣ የተሠራውን ከሌላው የሚለይ ሰው የለም። ይህንን ያደረግሁት እኔ ነኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እየመለስኩ አየሁት።

ከተጋባን ከአራት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ሾላ ሄድኩ። አይሱዙ ቆሟል፣ ነጋዴው እንደ ድሮው ጆንያውን ከቧል። «እትዬን ጥሯቸው» የሚል ድምፅ ስጠብቅ ማንም ምንም አላለም። እናቴ ጆንያው አጠገብ ናት። እጇን ሰዳ አንዲት ሽምብራ አወጣችና አጠገቧ ለምትነግደው ልጅ እግር ሴት ሰጠቻት።

«እስቲ ንከሺልኝ» አለቻት።

ሴትየዋ ነከሰች፣ አላመጠች፣ ወደ ሰማይ አየች። «የደረቀ... ይመስለኛል» አለች። ሾፌሩ ፈገግ አለ። ደሜ ፈላ! እናቴ ቆማ ሳለ ይመስለኛል ብሎ ነገር አለ እንዴ? ልናገር አፌን ከፍቼ የማንን ጥፋት እንደምናገር ሳስታውስ ክው አልኩ።

ወደ ጎን ሳብኳት። «በግራሽ ለምን አትነክሺም?»

«ሞክሬያለሁ። በግራ ድምፁ አይሰማኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን? አምሮብኝ የለም እንዴ?» አለችና አፏን ሳትሸፍን ሳቀችልኝ። አንጀቴን በላችው። ገበያው መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷ ግን አርግዤ መስሏት ሆዴን ሆዴን ታየኛለች።

በሳምንቱ ክሊኒኩ ይዣት ተመለስኩ። ዶክተሩ አፏን አይቶ ግራ ገባው። «ደህና ነው እኮ። ምን ተፈጠረ?» አለኝ።

«እሷ ትነግርዎታለች» አልኩት።

እናቴ እንደ ልማዷ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ በመስኮቱ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ማየት ጀመርኩ። ዶክተሩ እሷን ይጠብቃል። መልሱ ስንት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ እንደዋጥኩት እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው።

በመጨረሻ የነጠላዋን ቋጠሮ ስትፈታ አየሁ። ሦስት ፍሬ ሽምብራ አወጣችና መሣሪያዎቹ የተደረደሩበት ትሪ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው።

«ዶክተር፣ ይህንን የሚቆረጥመውን ያድርጉልኝ» አለች። «ሥራዬ ነው። ቢታይ ይታይ።»

ዶክተሩ አንዷን ሽምብራ አንስቶ በጣቱ አገላበጣትና መልሶ አስቀመጣት። «ብረት ነዋ!» አላት። «ጠጠር ግን ለእሱም ቢሆን ደግ አይደለም፣ እናቴ።»

«ለጠጠሩ ዓይኔን እከፍታለሁ» አለችው።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዛኛለች። እኔ ኮርቼባታለሁ፤ አፌን ሞልቼ «ጎበዝ!» አልኳት። «ሽምብራውን ቋጥሮ መምጣት እንዴት ታሰበሽ?»

«ያን ጊዜም ቋጥሬ መጥቼ ነበር» አለችኝ። «ላሳየው ስፈታ አንቺ ቀደምሽኝ።»

ደረጃው መሃል ቆምኩ። እሷ ግን ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። «ቀስ በይ ልጄ» አለች፣ «ደረጃው ያዳልጣል።»