እህቴና ፊተኛው ወንበር

ቁጭ ማለት አልችልም። ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ከቆየሁ እግሬ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አጠገቤ ያለው ሰው ጉልበቴን ይዞ ያስቆመኛል። ወላይታ ሶዶ ውስጥ የመምህራን ድራማ ክበብ ሲቋቋም ሰብሳቢ ያደረጉኝም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ሌላው ተቀምጦ ሲያስብ እኔ አዳራሽ ለማስፈቀድ ሄጄ እገኛለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት እናቴ ለእኔ ለትልቋ ልጇ ብላ የፈጠረችው ይመስለኝ ነበር።

ቤት ውስጥ እህቴ አለች። በአሥር ዓመት ታንሰኛለች፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቃል አትናገርም፤ ታንጎራጉራለች። ደስ ሲላት እጆቿን ታርገበግባለች፤ ድምፅ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች፤ አሁንም ካልቆመላት መሬት ትወድቃለች። ኦቲዝም የሚባለውን ቃል የሰማሁት ሐዋሳ ለሥልጠና ሄጄ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ነገሩ ቤታችን ውስጥ ስም አልነበረውም። ጎረቤት ግን ስም አላጣለትም፤ አንዱ መንፈስ ነው ይላል፣ ሌላው የእናቷ ኃጢአት ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዘምራኑ ኪቦርድ ሲጀምሩ ጮኸች፤ አንድ ሽማግሌ “ልጅቷን አውጧት” አሉ፤ ከዚያን እሑድ ወዲህ እናቴ ከግቢ አውጥታት አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። እውነቱን ለመናገር፣ ባልደረቦቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ የጓዳውን በር የምዘጋው እኔው ነበርኩ።

ሁምቦ የሚኖረው አጎታችን፣ የእናቴ ወንድም፣ በፋሲካ መጥቶ “እኔ ጋ ትምጣ” አለ። “ቆላው ሰፊ ነው። ብትጮኽ የሚሰማት ከብት ነው።” ክፉ ሰው አይደለም፤ እህቱ ስትከሳ አይቶ ነው። ግን ቤቱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጎጆ፣ ስምንት ልጆች፣ በበጋ ውኃ ፍለጋ ግማሽ ቀን የምትሄድ ሚስት። እህቴን ማን ይጠብቃታል? ይቆልፉባታል፤ ሌላ ምን ያደርጋሉ። ከሄደች አትመለስም። ይህን እኔም እናቴም እናውቃለን፤ ያላወቅን መስለን ጎን ለጎን ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር እንልጣለን።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ የልዩ ፍላጎት ክፍል ነበር፤ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ አሥራ አንድ ልጆች። መምህሩ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ “ለእኔ ልጆችም እኮ ድራማ አሳይታችሁ አታውቁም” አለኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። በሳምንቱ አዳራሽ አስፈቀድኩ፣ ደብዳቤ በተንኩ፣ እናቴንም ያዝኳት፤ እህቴም ትመጣለች አልኳት።

“ሰው ፊት?” አለች።

“ሰው ፊት።”

ከዚያ በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ፣ “አንድ ጊዜ” አለችኝ። “ከተዋረደች ግን ወንድሜን ናና ውሰዳት ነው የምለው። እኔ ደክሞኛል።”

አሁን የሠራነውን ስህተት ልናገር። ስህተት የሠራነው ከንቀት አይደለም፤ ከአክብሮት ነው። እኛ አገር እንግዳ ከተከበረ ፊት ይቀመጣል፤ ሶፋ ይወጣለታል፣ ደረቱ ላይ ሪባን ይሰካለታል፣ ለስላሳ ተከፍቶ ይቀርብለታል። እነዚህ ልጆች በሕይወታቸው ፊት ተቀምጠው ስለማያውቁ እኔ ፊት ላስቀምጣቸው ቆረጥኩ። ከአንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ አዲስ ሶፋ ተዋስን፤ ዕቃው እንዳይቆሽሽበት ላስቲኩን እንዳናነሳ አስማለን። ሞንታርቦዎቹን ከግራና ከቀኝ፣ ልክ ከሶፋው አጠገብ አቆምን። የክፍሉ መምህር ይህን አይቶ ጠጋ አለኝና “ከኋላ፣ በሩ ጋ ቢሆኑ አይሻልም?” አለኝ።

ደሜ ፈላ። “ከኋላ? ዕድሜ ልካቸውን ከኋላ አይደል እንዴ ያሉት!” ብዬ በሰው ፊት ኩም አደረግኩት። እሱም ሪባን መሰካቱን ቀጠለ።

የክብር እንግዳው፣ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ዘገዩ። እሳቸው ካልመጡ ደግሞ አይጀመርም። ልጆቹ በሚንሿሿው ላስቲክ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ሁሉ የሚያየው እነሱን ነው። እህቴ ሪባኑን እየጎተተች ማንጎራጎር ጀመረች። ኃላፊው መጡ፤ ስለ ትራንስፎርሜሽን፣ ስለ ልማት፣ ስለ መልካም አስተዳደር ተናገሩ፤ ማይኩ በየመሐሉ ይጮኻል። መድረክ መሪያችን በየአንቀጹ “ሞቅ ያለ ጭብጨባ!” ይላል፤ ሕዝቡም ሞቅ አድርጎ ያጨበጭባል፤ እልል የሚልም አለ። በመጨረሻ ድራማው ሊጀመር ሲል፣ እንደ ደንቡ፣ መብራቱን ድርግም አደረግነው።

እህቴ ጮኸች። መብራቱ ሲበራ መሬት ላይ ነበረች፤ ሪባኗ ተቀዷል። ከሕዝቡ መሐል ሦስት አራት ሰዎች ተነሱ። የጸሎት ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ በማንም ላይ ክፉ አስበው አያውቁም። እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጭነው “ውጣ! በስሙ ውጣ!” ማለት ጀመሩ። እነሱ ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር እሷ ትብሳለች፤ እሷ በባሰች ቁጥር እነሱ ይበረታሉ።

እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ። ሻሽ አስሬ፣ የእናት ገጸ ባሕርይ ለብሼ፣ የመጀመሪያውን ቃል ልናገር። አልወረድኩም። አሥር እርምጃ አትሆንም፤ በቆምኩበት ድርቅ አልኩ። ሰው እህቷ መሆኔን እንዳያውቅብኝ ፈራሁ። እድሜ ልኬን መቀመጥ ያቃታቸው እግሮቼ ያን ቀን አልንቀሳቀስ አሉኝ፤ እስካሁን ሳስበው ፊቴን እሳት ይለበልበኛል። እናቴ ከኋላ እየተጋፋች መጥታ ሰዎቹን ገፍትራ ልጇን አነሳቻት።

ማታ ስገባ እህቴ ተኝታለች። እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። “ለአጎትሽ ደውዪለት” አለች። “ለጊፋታ ሲመጣ ይውሰዳት።” ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ በመስከረም፣ መስቀል አካባቢ ይውላል። ያኔ ሰኔ ነበር። ሦስት ወር ቀረን ማለት ነው።

በማግሥቱ የክፍሉን መምህር ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እሱ ሳይቀየመኝ እኔ አብዝቼ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ከዚያ ምን ላድርግ አልኩት። “ልጆቹን ጠይቂያቸው” አለኝ።

“አይናገሩም እኮ!”

“ታዲያ ቁጭ ብለሽ እያቸው።”

ቁጭ ብለሽ! ለእኔ! ግን ተቀመጥኩ። በክረምቱ ልጆቹን በሳምንት ሦስት ቀን ያስተምራቸው ነበር፤ ጥግ ላይ በርጩማ ይዤ ዋልኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየአሥር ደቂቃው እየተነሳሁ እቀመጥ ነበር። እየዋልኩ ስሄድ ግን አየሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ቀድሞ ከተነገራቸው አይደነግጡም። በሩ ከተዘጋ ሁሉም በሩን ያያሉ፤ ከተከፈተ ማንም አያየውም። አንዷ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትሰማው፤ ግን እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች። አንዱ ካልተራመደ አይገባውም። ይኼኛውስ እኔን ነው ብዬ ሳቅኩ።

ድራማውን እንደ አዲስ ሠራነው። ዶሮዋ ገበያ መሐል ያመለጠቻት ሴት ታሪክ ነው፤ ግማሽ ሰዓት፣ በወላይትኛ። ሞንታርቦ የለም። መብራት አይጠፋም። ሁለቱም በሮች ወለል ብለው ይከፈታሉ። ምንጣፍ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፤ የፈለገ ይተኛል፣ የፈለገ ይዞራል። ጭብጨባ የለም፤ ደስ ያለው ሰው እጁን ወደ ላይ ያርገበግባል። ልጆቹን ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ጊዜ አስገባናቸው፤ ሽማግሌ የሚሆነው ባልደረባችን የጥጥ ጢሙን እፊታቸው ለጠፈ፣ አነሳ፣ እንደገና ለጠፈ። ተዋናዮቼ ግን አመፁብኝ። “ሰው እየተራመደ እንዴት አድርገን ነው የምንተውነው?” አሉ። “ገበያ ነው የምትተውኑት፤ ገበያ ውስጥ ማን ቁጭ ይላል?” ብዬ ጮኽኩባቸው፤ ልምምዱን ቀጠሉ።

የቀሩት ኃላፊው ናቸው። ቢሯቸው ሄጄ በዚህኛው ላይ ንግግር እንደሌለ ነገርኳቸው።

“ታዲያ ማን ይከፍተዋል?” አሉ።

“ልጆቹ ሲገቡ ተከፈተ ማለት ነው።”

“እኔ ካልተናገርኩ ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፋል?”

ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ንግግራቸውን በወረቀት አሳትመን ውጪ በሩ ላይ ልንለጥፍላቸው ተስማማን። ለጠፍነውም፤ አራት ገጽ ነበር።

እናቴን ማሳመኑ ባሰ። “አንድ ጊዜ ብዬሽ ነበር” ብላ ዘጋችኝ። ቀኑ ሲደርስ አጎቴ ከሁምቦ በቆሎ በጆንያ ይዞ ከተፍ አለ፤ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድሞ፤ ለበዓሉ ወደ ልጆቹ ሊመለስ፣ በማግሥቱ እህቴን ይዞ መሄዱ ነው። በዚያው ምሽት እናቴ የእህቴን ልብሶች ስታጥፍ አየኋት። ልመናዬን ሁሉ ረስቼ “ይቅርታ፤ ያን ቀን አልወረድኩም” ብቻ አልኳት። እጇ ቆመ። “ከበሩ አጠገብ ነው የምንቀመጠው?” አለች። አዎ አልኳት። “እሺ። ከመሄዷ በፊት ትይ።”

ሶዶ ላይ በመስከረም ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፤ ዝናብ ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከሞንታርቦ ይብሳል። ስለዚህ ድራማውን በማግሥቱ በጠዋት አደረግነው። ከንጋት ጀምሮ ሰማዩን ስመለከት አንገቴ ደነዘዘ። ደመናው ከተራራው በኩል ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ገባሁ።

ጀመርን። እኔ ዶሮዋ የጠፋባት ሴት ነኝ፤ ዐይኔ ግን ያለው በሩ ላይ ነው። እህቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፤ እናቴ ከጎኗ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍናለች። ልጆቹ ይዞራሉ፤ አንዱ መጥቶ መድረኩ ጫፍ ላይ ተጋደመ፤ ተሻግሬው ዶሮዬን ፈለግኩ። አምስት ደቂቃ ሄደ። እህቴ ታንጎራጉራለች፤ ማንም ዞሮ አላያትም። አሥር ደቂቃ። አንዴ ወደ እኔ አየች፤ ወይም የመሰለኝ ነው።

ከዚያ ተነሳች። ዘወር ብላ በሩን አየችና ወጣች። እናቴ ተከትላት ወጣች።

አለቀ አልኩ። ቃሌ ጠፋኝ። ልወርድ አንድ እግሬን አነሳሁ፤ ይህን ጊዜማ እወርዳለሁ። የክፍሉ መምህር ከኋላ ሆኖ አየኝና በእጁ፣ ቀጥይ፣ ቀጥይ አለኝ። አሥራ አንድ ልጆች ዶሮዋን እየጠበቁ ነው። ቀጠልኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። ስንጨርስ አዳራሹ ሙሉ እጅ በዝምታ ሲርገበገብ ትዝ ይለኛል፤ እኔ ግን ሻሼን እንኳ ሳልፈታ በአስፋልቱ እየሮጥኩ ነበር። የባጃጅ ሹፌሮች ምን ሆነሽ ነው ይሉኛል። አጎቴ ሲያወጣት ብደርስ ምን እላለሁ? እጇን ይዤ እጎትታለሁ? በር ላይ እተኛለሁ?

አጎቴ ግቢው በር ላይ ጫማውን አስሮ፣ ባዶውን ጆንያ ጠቅልሎ ቆሟል። አልፌው ገባሁ። እናቴ ጓሮ ተቀምጣ ቦዬ ትልጣለች። እህቴ አጠገቧ ናት፤ ልጣጩን እየሰበሰበች።

“ምን ሆነች? ጮኸች?”

“አልጮኸችም።”

“ማን ምን አላት?”

“ማንም ምንም አላላትም። ማንም ዞሮ እንኳ አላየንም።”

“በየት አመጣሻት? በጓሮው መንገድ?”

“በአስፋልቱ ነዋ። በየት ላምጣት?”

ትንፋሼ አልመለስ ብሎኛል። “ታዲያ ለምን ወጣች?”

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። እንዲህ እንደ ሞኝ አይታኝ አታውቅም።

“ድራማሽ ደብሯት ነዋ” አለች። “ሰው ሲደብረው ይወጣል።”

ክረምቱን ሙሉ ለፍቼበት! ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። እህቴን አቅፌ ላለቅስ ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን መታቀፍ አትወድም፤ ልጣጯን ይዛ ፈቀቅ አለች። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

አጎቴ ከበሩ “እንግዲህ ደመናው መጣ፤ መኪና ሳናጣ ልጅቷን አዘጋጇት” ብሎ ተጣራ።

እናቴ ዞር አላለችም። ቢላዋዋን አነሳችና “ለምኑ?” አለችው።